በብረቱ ላይ የተጻፈው ቁጥር

አንድ ወገቡን የሚያመው የስፖርት አሠልጣኝ ነበር። ላቀው ይባላል። በአንዲት የመንገድ ዳር ከተማ፣ ከእህል መጋዘኖቹ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ተከራይቶ ጂም ከፍቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ በእነዚያው መጋዘኖች ኩንታል ተሸክሟል፤ ጤነኛ ወገቡም የቀረው እዚያው ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ አንዲት ከረጢት ብታነሳ አልጋ ላይ ትቀራለህ» ሲለው፣ ማንሳት ካልቻልኩ ማንሳት ላስተምር ብሎ የጀመረው ሥራ ነው። ሌላ የሚያውቀው ሙያ አልነበረውም።

ጂም ሲባል መስታወትና ሙዚቃ የሚታያችሁ ካላችሁ እሱን እርሱት። የላቀው ጂም የሲሚንቶ ወለል፣ የሚያፈስ ጣሪያና ሁለት ወንበር ነበር። ክብደቶቹንም ሁሉም ሰው ብረት ይላቸው ነበር እንጂ፣ አብዛኞቹ በባዶ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ የተሞላ ሲሚንቶ ነበሩ። ላቀው ራሱ አቡክቶ፣ ራሱ ሞልቶ፣ ሲደርቁ አንድ በአንድ ከጎረቤት መጋዘን የእህል ሚዛን ላይ እያስወጣ መዝኗቸዋል። በጎደለው ላይ ሲሚንቶ ጨመረ፤ የበዛውን በመሮ ቀረፈ። ከዚያ በነጭ ቀለም ቁጥራቸውን ጻፈባቸው። አሥር የሚለው አሥር ነው። ሃያ የሚለውም ሃያ። ለአዲስ መጪ ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር ነበረችው፦ «እዚህ ያነሳኸውን ውጪም ታነሳዋለህ።» ይህን ሲል ደረቱ ትንሽ ይነፋ ነበር።

ከዚያ ዘመኑ ከፋ። መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሦስት ሳምንት ይዘጋል። መኪኖቹ መምጣት ሲያቆሙ መጋዘኖቹ ባዶ ቀሩ፤ መጋዘኖቹ ባዶ ሲቀሩ የከተማው ወጣት በየበረንዳው ተቀምጦ መዋል ጀመረ። ሰው ጠዋት ሲነሳ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚሰማ አያውቅም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ከኑሮ ላይ መጀመሪያ የሚቀነሰው ስፖርት ነው። የላቀው ደንበኞችም ከስድሳ ወደ አርባ፣ ከአርባ ወደ ሃያ ምናምን ወረዱ።

ይህም እንዳይበቃው፣ ከመንገዱ ማዶ ኢዩኤል የሚባል ወጣት አዲስ ጂም ከፈተ። የእሱ ጂም መስታወትም ሙዚቃም ነበረው። ክብደቶቹ ጥቁር ጎማ የለበሱ፣ ቁጥራቸው በቢጫ የደመቀ ነበሩ። ላቀው ከሚያሠለጥናቸው ልጆች ቀንደኛው ተካ፣ ላቀው ዘንድ ሰማንያ ኪሎ ለማንሳት ዓይኑ የሚፈጥበት፣ ማዶ ሄዶ በመጀመሪያው ቀን መቶ አምስት አነሳ። ያን ቀን ከተማው ውስጥ የሄደበትን አካሄድ ብታዩት፣ ሁለት ሰው የሚያሳልፈው በር ጠብቦት ነበር።

ላቀው ነገሩ ገባው። አንድ ቀን ሰላም ለማለት ብሎ ማዶ ተሻገረና ሃያ የተጻፈበትን ጎማ ከመደርደሪያው ጠርዝ ላይ በጣቶቹ ቀና አድርጎ መለሰው። ሃያ ዓመት ኩንታል የተሸከመ እጅ ሌላ ሚዛን አያስፈልገውም።

«ይህ አሥራ አምስት ነው» አለ።

ኢዩኤል አልካደም። ጨዋ ልጅ ነበር፤ ወንበር አቀረበለት። «ጋሼ» አለው፣ «እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ምን ሲባሉ እንደሚውሉ ታውቃለህ? ሥራ የለም ይባላሉ። ነገ ተመለስ ይባላሉ። እኔ ዘንድ ሲመጡ ለአንድ ሰዓት ጎበዝ ናችሁ ይባላሉ። በዚህ ማን ተጎዳ?»

ላቀው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ መንገዱን ተሻግሮ ተመለሰ። ደክሞት ነበር። እውነት መናገር ሰው ሲያመሰግንህ አያደክምም። ሁሉም ትቶህ ሲሄድ ግን፣ አንድ ቁጥር ይዞ መቆም ራሱ ሸክም ይሆናል፤ ላቀው ደግሞ ሸክም ምን እንደሚያደርግ ያውቃል።

እዚህ ላይ ስለ ወይዘሮ ዘርፌ ልንገራችሁ።

ዘርፌ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ወደ አርባ አምስት ዓመት የሚሆናት፣ ቀጭን፣ ዕድሜዋን በስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ያሳለፈች ሴት። ከስምንት ወር በፊት ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ጂሙ ስትገባ ልጆቹ የጠፋባት ሰው ያለ መስሏቸው ነበር።

«እትዬ፣ ልጅዎን ፈልገው ነው?» አላት ተካ።

«ልጄ ቤት ናት» አለች። «እሷን ማንሳት ተምሬ ልመለስ ነው የመጣሁት።»

ልጇ ብሩክታዊት የሃያ ዓመት ወጣት ናት። ከሦስት ዓመት በፊት በመኪና አደጋ እግሮቿ ከድተዋታል። አጎቷ ነበር በየማለዳው ከአልጋ አንስቶ በረንዳ ላይ የሚያስቀምጣት፤ እሷም እዚያ ፀሐይ እየሞቀች፣ ሰው እያየች፣ ለእናቷ ቁልፍ እየተከለች ትውል ነበር። አጎትየው ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ሄደ፤ መንገዱ ተዘጋና በዚያው ቀረ። ጎረቤት አንድ ሰሞን ረዳ፤ ልጅቷ ግን ባዕድ ወንድ በየቀኑ ሲያቅፋት ማፈር ጀመረች፣ በኋላም «ተዉኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ፀሐይን የምታየው በበሩ ስንጥቅ ነው። ዘርፌ የፈለገችው ይህን ብቻ ነበር፦ ልጇን በገዛ እጇ ከአልጋ አንስታ፣ ስድስት እርምጃ ተራምዳ፣ በረንዳ ላይ ማስቀመጥ። ጤና ጣቢያ ልጅቷን ሲመዝኗት አርባ ስድስት ኪሎ ሆነች። ላቀው ለልብስና ለብርድ ልብስ ሁለት ጨመረበትና «አርባ ስምንት» አላት።

በማግስቱ ዘርፌ አንዲት ሲባጎ ይዛ መጣች። ሲባጎዋ ላይ ቋጠሮ አለ፤ የአልጋው ከፍታ ነው። ላቀው ብሎኬት ደርድሮ ቋጠሮው ድረስ አደረሰው። ቆርቆሮዎቹ የሚሰኩበትን ዘንግ በጨርቅ ጠቅልሎ ከላዩ ላይ አጋደመው፣ ወለሉ ላይም በኖራ ስድስት እርምጃ አሰመረ። ዘርፌ ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት እየመጣች፣ ዘንጉን እንደ ሰው በክንዶቿ ታቅፋ ስድስቱን እርምጃ ትሄዳለች። በአሥራ አምስት ኪሎ ጀመረች። በስድስት ወር ሠላሳ ስምንት ደረሰች፤ ስምንቱ ዘንጉ፣ በየጫፉ አሥራ አምስት አሥራ አምስት። እዚያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ሰባት ሳምንት ሙሉ ከሠላሳ ስምንት ማለፍ አቃታት።

«ዛሬም ሠላሳ ስምንት ነው?» ትለዋለች።

«ዛሬም።»

«መቼ ነው የሚጨምረው?»

«ሲጨምር እነግርሻለሁ» ይላታል ላቀው። እሷም ላቧን ጠርጋ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ታዲያ አንድ ረቡዕ፣ ጂሙ ውስጥ አራት ሰው ብቻ በነበረበት ቀን፣ ተካ ወደ ላቀው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ከማዶ የመጣሁት ስለምወድህ ነው» አለው። «አንተ ብረቶችህን ቀለም አልብሳቸው፣ ቁጥራቸውንም ትንሽ ከፍ አድርጋቸው፤ ልጆቹን እኔ እመልስልሃለሁ። አለበለዚያ ቤቱን ዝጋው። እንዲህ ሆነህ ማየት አንጀቴን እየበላው ነው።»

ላቀው ቤቱ ቢዘጋ የት እንደሚገባ አሰበ። መጋዘን አይመለስ፤ ወገብ የለውም። ዕድሜውም አዲስ ሥራ የሚለመድበት አልነበረም። ደግሞ የኢዩኤል ጥያቄ ከጆሮው አልወጣ ብሎታል፦ ማን ተጎዳ? ከሰዓት በኋላ ጥቁር ቀለምና ብሩሽ ገዝቶ ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ ቆርቆሮዎቹን ሁሉ አጠቆራቸው። ቆርቆሮዎቹ አንድ ዓይነት ስለነበሩ ልዩነታቸው ትንሽ ውፍረት ብቻ ነው፤ አንድ ቀለም ሲለብሱ እሱም በዓይኑ አይለያቸውም። ቁጥሩን እንደገና ጻፈ። አሥሩ አሥራ አምስት ሆነ፣ አሥራ አምስቱ ሃያ፣ ሃያውም ሃያ አምስት። ሲጽፍ የሚያስበው ስለ ተካና ስለ ጓደኞቹ ነበር። ዋሸን ብለው የመጡ ልጆች ናቸው፣ ልዋሻቸው፣ አለ በልቡ። ዘርፌ ትዝም አላለችው።

ሐሙስና ዓርብ ጂሙ ሞላ። ተካ ቃሉን ጠብቋል። ሳቅ ነበር፣ ፉጨት ነበር፣ «እዚህም መቶ ገባን!» ነበር። ላቀው ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ፊቱ አልታዘዘውም እንጂ ሥራውስ ተሳክቶለታል።

ቅዳሜ ጠዋት ዘርፌ መጣች። አዲሱን ቀለም አየችና «አሳመራችሁት» አለች። ተካ ነገሩን ሊያሟሙቅ ብሎ «እትዬ፣ ዛሬ አርባ ስምንቱን ይሞክሩት! ቤቱ ቀንቶታል!» አላትና፣ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ሃያ ሃያ የተጻፈባቸውን አስገባላት። ላቀው ከበሩ አጠገብ ቆሞ አየ። ጎተት አድርጌ ብቻዋን ልንገራት ብሎ አንድ እርምጃ ተራመደ።

ዘርፌ ግን ጎንበስ ብላ ዘንጉን ታቅፋ ተነሳች። አንድ። ሁለት። ልጆቹ መቁጠር ጀመሩ። አምስት። ስድስት! ጂሙ በጭብጨባ ተናወጠ። ዘርፌ ዘንጉን አስቀምጣ ክንዶቿን የሌላ ሰው ክንድ ይመስል ትመለከታቸው ጀመር።

«አልከበደኝም እኮ!» አለች እያለቀሰች። «ጋሽ ላቀው፣ ዛሬ ጨመረ አይደል? ይንገሩኝ እንጂ፣ ሲጨምር እነግርሻለሁ ብለውኝ አልነበር?»

ልጆቹ እየሳቁ ያዩታል። እሷ እያለቀሰች ታየዋለች። ላቀው አፉን ከፈተ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለ።

ይህቺን ቃል ሲናገር ማንም አልገፋፋውም። ደክሞት ነበር፤ ሰው ሁሉ ደስ ብሎታል፣ ደስታውን የሚያፈርስ ጉልበት ከየት ያምጣ? እንዲህ ነው ያደረገው። ሰኞ ቤቷ ሄጄ እነግራታለሁ ብሎ ለራሱ ቃል ገባ። ሰኞ ዘነበ፤ አልሄደም።

ማክሰኞ ዘርፌ መጣች። የቀኝ አንጓዋ በሻሽ ታስሯል። እንደ ወትሮው የስፖርት ልብሷን በፌስታል አልያዘችም። የያዘችው እሱ ያዋሳትን የወገብ ቀበቶ ብቻ ነው፤ አጥባዋለች፣ አጣጥፋዋለች። በሁለት እጇ አቀረበችለት።

«እሁድ ጠዋት አነሳኋት» አለች። «ሁለት እርምጃ ሄድኩ። በሦስተኛው ክንዴ ተፈታ። ከሥሯ ልግባ ብዬ ወደቅኩ፤ ግን ክርኗ ተሰበረ። ጄሶ አድርገውላታል።»

ላቀው ቀበቶውን ተቀበላት።

«ቅዳሜ አርባ ስምንት ያነሳሁ ሴት እሁድ አርባ ስድስት ጣልኩ። ጉልበቴ አንድ ቀን እንኳ አልቆየልኝም። ወይም ልቤ ነው የፈራው፣ እንጃ። እርስዎ ስምንት ወር ደክመውብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይማሩኝ።»

ይማሩኝ ያለችው እሷ ናት። ላቀው ብዙ ሸክም ተሸክሞ ያውቃል፤ እንደዚያች ቃል የከበደው ግን አልነበረም። ስድብ ብትሰድበው ይቀለው ነበር።

«ቁጭ በይ» አላት። ከዚያ ወደ ተካ ዞሮ «መጋዘን ሂድና ሚዛኑን አምጣ» አለው።

ሚዛኑ መጣ። ጂሙ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ተሰበሰቡ። ላቀው «ሃያውን አውጣው» አለ። ተካ ሃያ የሚለውን ሚዛኑ ላይ አስቀመጠ። ቀስቱ ወጣ ወጣና አሥራ አምስት ላይ ቆመ።

«ሚዛኑ ተበላሽቷል» አለ ተካ።

«ሚዛኑ ደህና ነው» አለ ላቀው። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም ረቡዕ ቀን በገዛ እጄ ቀየርኳቸው።»

ተካ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ ግን ሁሉም በሚሰማው ድምፅ «ጋሼ፣ እኛ እኮ እናውቃለን» አለው። «ማን ጠየቀህ? ለምን ቅስማችንን ትሰብራለህ?»

«እሷ አታውቅም ነበር» አለ ላቀው።

ዘርፌ ሚዛኑን እያየች ነበር። ቀስ ብላ «ቅዳሜ ያነሳሁት ስንት ነው?» አለች።

«ሠላሳ ስምንት። ያው የተለመደው።»

«እሁድ ታዲያ…»

«እሁድ ጉልበትሽ አልከዳሽም። መጀመሪያውኑ አርባ ስምንት አልደረስሽም ነበር። ያልደረስሽበትን ደርሰሻል ያልኩሽ እኔ ነኝ። ከፈለግሽ ተቆጪኝ።»

ዘርፌ ተነሳች። መጮህ አልቻለችበትም፤ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። «ልጄ ከእሁድ ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራለች። ‹እማዬ፣ ከእንግዲህ በረንዳ አልልም፣ እዚሁ ደህና ነኝ› ነው የምትለኝ። ይህንንስ በየትኛው ሚዛን ሊመዝኑልኝ ነው?»

ላቀው ጃኬቱን ደረበና፣ ወገቡን በእጁ ደግፎ፣ ከኋላዋ ተከትሏት ወጣ።

ቤቷ አንድ ክፍል ናት። ብሩክታዊት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች፤ ጄሶ ያለበት ክንዷ ብርድ ልብሱ ላይ ተጋድሟል። ከራስጌዋ ያልተነካ ምሳ ነበር። ላቀው ወንበር ሲያቀርቡለት አልተቀመጠም።

«ልጄ» አላት፣ «እናትሽ አልደከመችም። ጂሙ ውስጥ ያለው ቁጥር ውሸት ነበር፤ የጻፍኩትም እኔ ነኝ። ሰው እንዳይሸሸኝ ብዬ ነው። የጣለችሽ እሷ አይደለችም።»

ልጅቷ ሳትዞር «ስንት ቀራት?» አለች።

«አሥር ኪሎ።»

«እውነተኛ አሥር?»

«እውነተኛ አሥር። ቀላል አይደለም። ወራት ይፈልጋል።»

ብሩክታዊት ቀስ ብላ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች። መጀመሪያ ያየችው እናቷን ነው። «ከእሁድ ወዲህ ምግብ እየቀነስኩ ነበር» አለች። «ጉልበቷ አለቀ ብዬ፣ እሷ ካልቻለች እኔ ልቅለል ብዬ ነው።»

ዘርፌ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አሥር ከሆነ የቀረው እበላለሁ» አለች ልጅቷ። «ታንሳኝ።»

ላቀው በማግስቱ መሮውን አውጥቶ ጥቁሩን ቀለም ፈቀፈቀ። ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ እንደገና አስመዘነ፣ ነጩን ቁጥርም መለሰ። ከልጆቹ ብዙዎቹ ማዶ ሄዱ። ተካም ሄደ፤ ሲያልፍ ሰላም ይለዋል፣ ግን አልተመለሰም። የኢዩኤል ጂም እስካሁን ሙሉ ነው፤ ተረት ነው ብዬ ዘግቼዋለሁ ልላችሁ አልችልም። ላቀው ዘንድ አሥራ አንድ ሰው ቀረ። ቆይቶ ደግሞ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ነገሩን ሰምታ፣ አጥንታቸው ተሰብሮ የዳኑትን፣ ከበሽታ የተነሱትን፣ «ምን ያህል እንደበረታችሁ እዚያ ይነግሯችኋል» እያለች ትልክለት ጀመር። ቤቱን ማቆሚያ ያህል ሆነ እንጂ ከዚያ አላለፈም። ዘመኑም አልተረጋጋም። ላቀውም እንደ ደከመው ነው።

ዘርፌ አንጓዋ ሲሻላት ተመለሰች። ሠላሳ ስምንት። አርባ። ረጅም ጊዜ አርባ። አርባ አራት። ከአምስት ወር በኋላ በአንድ ቅዳሜ ዘንጉን ታቅፋ ስድስቱን እርምጃ ሄደች፣ መልሳም መጣች፣ በእርጋታ አስቀመጠችው። በየጫፉ ሃያ ሃያ ነበር።

ላቀው «ጨመረ» አላት።

ዘርፌ አላለቀሰችም፣ አላመሰገነችውምም። ሁለቱን ሃያዎች ከዘንጉ አወጣች። ተራ በተራ እያቀፈች ከግቢው ወጥታ መጋዘን ድረስ ሄደች፣ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ ቀስቱ እስኪቆም ጠበቀች። ላቀው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት። አልተቀየማትም። ይህ ልክ መሆኑን ያውቃል፤ አንድ ጊዜ ያጎደለውን እምነት መልሶ የሚሞላው በቃሉ ሳይሆን በእሷ ምርመራ ነው። ስትመለስ «ሃያ ናቸው» አለችው። «ናቸው» አላት።

እሁድ ጠዋት ላቀው በዚያ መንገድ ሲያልፍ ብሩክታዊት በረንዳው ላይ ተቀምጣ በግራ እጇ ዓይኗን ከልላ ነበር። ከዓመት በላይ ያላገኘችው ፀሐይ ነው፤ አልለመደችውም። «እማዬ፣ በዛብኝ፣ ወደ ጥላው አስጠጊኝ!» ብላ ተጣራች። ዘርፌ መርፌዋን አስቀምጣ ወጣች። ጎንበስ አለች፣ አቀፈቻት፣ ሦስት እርምጃ ተራመደች፣ አስቀመጠቻት። ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ወዳጆቼ፣ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ሰው ደስ የሚለውን ውሸት እንደሚፈልግ ኢዩኤል አልተሳሳተም። «ማን ተጎዳ?» ያለው ጥያቄም ብልህ ይመስላል፤ የሚጎዳው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከሚያጨበጭቡት መካከል አይደለም። የጻፍነውን ቁጥር አምኖ፣ ቤቱ ሄዶ፣ የሚወደውን ሰው በክንዱ የሚያነሳው ነው። ሲወድቅም እኛን አይከስስም፣ ራሱን ነው። ምንም ነገር እርግጠኛ ባልሆነበት ዘመን ለደንበኞቻችን ልንሸጥላቸው የምንችለው ትልቁ ነገር አንድ እርግጠኛ ቁጥር ነው፤ እሱ ደግሞ ያደክማል፣ ገበያ ያሳጣል፣ አንዳንዴም ማንም አያመሰግንበትም።

እስቲ አንተም፣ አንቺም፣ የምትሸጡትን፣ የምታስተምሩትን፣ ለሰው የምትነግሩትን ነገር አንድ ጊዜ ወደ ጎረቤት ሚዛን ውሰዱት። በላዩ የጻፋችሁበት ቁጥርና ክብደቱ ይገናኛሉ? የእናንተን ቃል ተማምና ዛሬ ቤቷ ውስጥ ልጇን ልታነሳ ጎንበስ ያለችውስ ሴት ማን ናት?